ያልተዘመዘመ ጠርዝ

ከእናቴ ሱቅ ሳይዘመዘም የወጣ ጨርቅ የለም። የተማሪ ዩኒፎርም ይሁን የሆቴል መጋረጃ፣ ሰው ለወለል መወልወያ የሚለምናትን ቁራጭ እንኳ ዙሪያውን አጥፋ ካልሰፋችው እጇ አያርፍም። “ጠርዙ የተተረተረ ጨርቅ ከዚህ በር ከወጣ፣ እኔ ራቁቴን እንደወጣሁ ቁጠሩት” ትላለች። ሰው ሁሉ እትዬ መርፌ ይላታል። ስሙ የወጣላት ስለቀጠነች ይሁን ንግግሯ ስለሚዋጋ፣ መንገዱ እስካሁን አልተስማማበትም።

ሱቋ ዋናው መንገድ ላይ፣ በዳቦ ቤቱና በጫማ ጠጋኙ መሃል ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የካውያ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንገቱ የሚንቀጠቀጥ አሮጌ ቬንቲሌተር አለ። ግድግዳው ላይ የወረቀት ቅዶች በየልካቸው ተሰቅለዋል። በር ላይ ቆሞ ቀና ያለ ሰው ተራራውን ያያል፤ ዓይኑ ጥሩ ከሆነ የአጎቴን የድንጋይ ጎጆም ያያል።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅኩ ወዲህ የምሠራው በዱር እንስሳት ጥበቃ ቢሮ ነው። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን ስለሆነ ይመቸኛል። ተራራው ላይ ያሰርናቸውን ካሜራዎች እየዞርኩ አያለሁ፣ ኮቴ እለካለሁ፣ የአጥንት ስብርባሪ ለቅሜ በፌስታል አመጣለሁ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር ግን አይሆንልኝም።

ተኩላ ከአካባቢያችን የጠፋው እኔ ሳልወለድ ነው። በጠመንጃና በመርዝ ጨረሱት። ልጅ ሳለሁ ትልልቆቹ ስለ ተኩላ የሚያወሩት እንደሞተ ዘመድ ነበር፤ ያውም ክፉ ዘመድ። ከዚያ ከተራራው ማዶ በገዛ እግሩ ተመልሶ መጣ። ማንም አላመጣውም። ይህን ደጋግሜ እንድናገር እገደዳለሁ፣ ምክንያቱም የከተማው ግማሽ እኛ በመኪና ጭነን ያመጣነው ይመስለዋል። የመጀመሪያውን ፎቶ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሴት ናት፤ ጆሮዋን አቁማ ቀጥ ብላ ካሜራውን ታያለች። ቢሮው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ። ለምን እንደከፈትኩት አላውቅም።

ከዚያ የአጎቴን በጎች መብላት ጀመረች።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ፀጉሩ ሸብቷል፣ እሷ ግን እስካሁን “አንተ ልጅ” ትለዋለች። ከአባታቸው የተረከበውን መንጋ ይዞ ተራራው ላይ ብቻውን ይኖራል፤ እሑድ እሑድ ወርዶ ከእኛ ጋር ምሳ ይበላል። አንድ እሑድ ሳህኑ ላይ ያለውን ምግብ ሲያገላብጥ ቆየና፣

“ነጋዴውን አነጋገርኩት” አለ። “የዚህኛውን ሳይሆን የሚመጣውን ቅዳሜ መኪና ይዞ ይመጣል።”

“ስንቱን ልትሸጥ?” አለች እናቴ።

“ሁሉንም።”

“እርጉዞቹንም?”

“ለእርጉዞቹ ነው የፈራሁት እትዬ። ሊወልዱ ነው። ጉረኖ ውስጥ ካጨቅኳቸው ግልገሎቹን ይረጋግጧቸዋል። ሜዳ ላይ ካሳደርኳቸው ደግሞ የዚች ጓደኛ ትበላብኛለች።” በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

“ጓደኛዬ አይደለችም ጋሼ።”

“ፎቶዋን ቢሮሽ ግድግዳ ላይ አልሰቀልሽም?”

ሰቅያለሁ።

“በጎቹን ሸጠህስ ምን ልትሆን ነው?” አለች እናቴ።

“ታች መጋዘኑ ጋ ዘበኛ ይፈልጋሉ። እንቀጥርሃለን ብለውኛል።”

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ዘበኝነትን ንቃ አይደለም። ወንድሟን ስለምታውቀው ነው። ግድግዳና ጣራ ባለበት ቦታ ብዙ መቀመጥ አይችልም፤ እኛ ቤት እንኳ ምሳውን እንደጨረሰ ሻዩን ይዞ ደጅ ይወጣል። የሚናገረው ከበጎቹ ጋር ነው፤ ከሰው ጋር የሚናገረው ከእነሱ የተረፈውን ነው።

“አንተ? በር ስር ቁጭ ብለህ?” አለችው። “በሳምንቱ በሩን ነቅለህ ትሄዳለህ።”

“ታዲያ ምን ላድርግ? ንገሪኛ!”

የተናገርኩት እኔ ነኝ። “ጨርቅ ትፈራለች” አልኩ።

“ማን?”

“ተኩላ። በሜዳው ዙሪያ ገመድ ይወጠራል፣ ገመዱ ላይ ቀያይ ጨርቅ ተቀራርቦ ይንጠለጠላል፣ ጫፉ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው። ንፋስ ሲያወዛውዘው በሥሩ ማለፍ ትፈራለች። ተምረነዋል፤ ሌላ አገር ይሠሩበታል። ለዘላለም አይደለም ጋሼ፣ ተኩላ ሞኝ አይደለም፣ ሲቆይ ይለምደዋል። ግን በጎቹ ወልደው እስኪጨርሱ ይበቃል።”

ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናግሬ ስጨርስ ጆሮዬ ጋለ። አጎቴ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

“እኔ ጠመንጃ ታቅፌ ሳድር ያልፈራችኝ፣ የእትዬን ጨርቅ ልትፈራ?”

“አንተን ማን ይፈራል!” አለች እናቴ። መነጽሯን አጠለቀች። “የኔን ጨርቅ ግን ያልፈራ የለም። አሳዪኝ እስቲ ምን እንደሚመስል።”

ስልኬ ላይ ያለውን ሥዕል አሳየኋት። ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው።

“ላዩ ገመዱ ላይ የተያያዘው እንዴት ነው?”

“አይታይም እማዬ።”

“ጠርዙስ? ተዘምዝሟል?”

“እሱም አይታይም።”

“አይታይም ማለት አልተዘመዘመም ማለት ነው። ይሄ ሥራ ነው?” ስልኩን መለሰችልኝ። “እኔ በወጉ እሠራዋለሁ።” ወደ ወንድሟ ዞረች። “አንተም ስማኝ። ነጋዴው እስኪመጣ አንዲት በግ ካልጎደለችብህ ባዶውን ትመልሰዋለህ።”

“ከጎደለችስ?”

“ከጎደለች ራሴ አብሬህ እጭናለሁ።”

እጁን ዘረጋላት። እንደ ወንድ ለወንድ ተጨባበጡ።

አንድ ሆቴል አዝዞ ሳይወስደው የቀረ ቀይ የገበር ጨርቅ መደርደሪያው ላይ ከዓመት በላይ ተኝቶ ነበር። እናቴ እሱን አወረደች። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ ዩኒፎርም የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው፤ በሩ አይዘጋም።

“እትዬ መርፌ፣ የልጄ ቀሚስ ደረሰ?”

“ነገ።”

“ይሄ ቀዩስ የማን ነው?”

“የተኩላ።”

ወሬው ከእንጀራ ልጅ እስከ አማት ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ሰው ምክንያት እየፈጠረ በሱቁ ያልፍ ጀመር። አንዱ የተኩላዋ ወገብ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል፣ ሌላው ልኳን ስትወስጂ ዝም አለችሽ ወይ ይላል። ጫማ ጠጋኙ ወንበሩን ይዞ በር ላይ ተቀመጠ።

“ጫማውን ለኔ ተዪልኝ” አላት። “ግን ከአሁኑ ንገሪያት፣ አራት እግር ስላላት ሁለት ጥንድ ነው።”

“ያንተን ጫማ ካደረገችማ በጓ ጋ ሳትደርስ ሶሉ ይላቀቃል” አለች እናቴ፣ ከመኪናው ቀና ሳትል። “ያው እሱም አንድ መከላከያ ነው።”

ሰው ሁሉ ሲሳለቅ ያልሳቀው ጥሩምባ ብቻ ነው። ጥሩምባ ከአጎቴ ጎረቤት በግ ያረባል። ስሙ የወጣለት በድምፁ ነው፤ በሹክሹክታ ያወራው ነገር ወንዝ ማዶ ይሰማል። ለልጁ ዩኒፎርም መጥቶ ቀዩን ጨርቅ ሲያይ አልቻለም።

“በጨርቅ ነው የምትጫወቱት?” አለ። ዳቦ ቤት የተሰለፈው ሰው በሙሉ ዞረ። “መድኃኒቱ መርዝ ነው! አባቶቻችን አንድ ሥጋ መርዘው ወርውረው ነው ሠላሳ ዓመት የተኛነው!”

“አባትህ የወረወረው መርዝ መጀመሪያ የማንን ውሻ ገደለ?” አለች እናቴ።

ጥሩምባ ዓይኑን ወደ ወረቀት ቅዶቹ አዞረ። መልሱን እሷው ሰጠች።

“የራሱን። ከዚያ የኛን። ከዚያ የዚህን መንገድ ውሻ በሙሉ። ልጅ ነበርክ፣ ውሻህን አቅፈህ ስታለቅስ አስታውሳለሁ።” ዩኒፎርሙን አጣጥፋ ሰጠችው። “ወገቡን ትንሽ ሰፋ አድርጌዋለሁ፣ ልጅቷ እያደገች ነው። በል ደህና ዋል።”

ጨርቆቹ ተሰፍተው ሲያልቁ ያምሩ ነበር። ሁሉም እኩል ናቸው፤ በአራቱም ጎን ሁለት ጊዜ ታጥፈው ተሰፍተው በካውያ ተተኩሰዋል። አንዷን አንስቶ ከሌላዋ መለየት አይቻልም። ላያቸው ገመዱ ላይ ታጥፎ ቀጥ ባለ መስመር ተሰፍቷል። ተራራው ላይ አድርሼለት አጎቴ ከጆንያው ሲያወጣቸው፣ “ይሄማ ለሰርግ ነው” አለ።

ችካሉን እሱ መታ፣ ገመዱን እኔ ወጠርኩ። ጀግና የሚባለው ውሻው ጎጆው ውስጥ አልጋ ሥር ሆኖ በበሩ ተመለከተን። ተኩላዋ ከመጣች ወዲህ ጀግና ከአልጋው ሥር የሚወጣው ለምግብ ብቻ ነው። ስንጨርስ ሜዳው ቀይ ቀበቶ የታጠቀ መሰለ። ከማዶ የጥሩምባ ድምፅ መጣ።

“ማነው የሚያገባው?”

አጎቴ ጀርባውን ሰጠው። ግን በሳቅ ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁት።

ጥቂት ቀን ሰላም ሆነ። ጠዋት ጠዋት አጎቴ ይደውላል፣ “ሙሉ ናቸው” ይልና ይዘጋል። እናቴ የዩኒፎርሙን ሥራ ቀጠለች፤ ሰው ሲገባ ተራራውን እያየች ፈገግ ትላለች። ከዚያ ንፋስ ተነሳ። ቀኑን ሙሉ የሱቁን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ዋለ፣ ሌሊቱንም አልተኛም። በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

“ነይ” አለ አጎቴ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

የተበላችው ልትወልድ የደረሰች በግ ነበረች። አጎቴ የቀረውን በጆንያ ሸፍኖት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሥራዬን ሠራሁ፤ ገመዱን ተከትዬ ዙሪያውን ሄድኩ። መሬቱ ለስላሳ ነበር፣ ኮቴው በደንብ ይነበባል። ከታች በኩል መጥታለች፤ ጨርቆቹ የተንጠለጠሉበት ጋ ስትደርስ ዞራለች። ከጎን ሞክራለች፤ እዚያም ዞራለች። ላይኛው ጥግ፣ ንፋሱ ከገደሉ ክፍተት የሚወርድበት ቦታ ስደርስ ቆምኩ። እዚያ ያሉት ጨርቆች በሙሉ እንደ ቱቦ ተጠቅልለው ገመዱ ላይ ተጣብቀዋል። ገመዱ የልብስ ማስጫ ገመድ ነው የሚመስለው። ኮቴው በሥሩ ቀጥ ብሎ ገብቷል።

“ጋሼ፣ ና እስቲ እየው” አልኩት። “እዚህም እዚያም ፈርታ ተመልሳለች። የገባችው እዚህ ጋ ብቻ ነው።”

“ገብታለች ወይስ አልገባችም?”

“ገብታለች።”

“በቃ” አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። “እጄን ሰጥቼ ጨብጫለሁ። ቅዳሜ እጭናለሁ።”

ከተጠቀለሉት ጨርቆች አንዱን ፈትቼ ይዤ ወረድኩ።

እናቴ ፊቴን አይታ መኪናዋን አቆመች። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት።

“እርጉዝ ነበረች?”

“አዎ።”

ጨርቁን በጣቷ ዘረጋችው። ስትለቀው ተመልሶ ተጠቀለለ። እንደገና ዘረጋችው፤ እንደገና ተጠቀለለ። መቀሷን አንስታ አንዱን ጠርዝ ከነስፌቱ ቆርጣ ጣለችውና ለቀቀችው። ያ ጎን ለጥ ብሎ ቀረ። ሌላውንም ቆረጠች። ከዚያ ተቀመጠች።

“ዝምዝሙ ነው” አለች። “ሁለት ጊዜ አጥፌ ስሰፋው ጠርዙ ከበደ፣ መሃሉ ሳሳ። ንፋስ ሲያገኘው ይጠቀለላል። ዩኒፎርም አይደለም እኮ! ማን ዘምዝሚው አለኝ?”

“ማንም።”

“ማንም። እኔ ነኝ ያልኩት።”

ዓይኔ ወደ ቬንቲሌተሩ ሄደ። “እማዬ፣ በንፋስ እንሞክረው” አልኩ።

ገመዱን በሁለት ወንበር መሃል ወጠርን። ቬንቲሌተሩን በመጨረሻው ኃይል አስነሳሁትና ሦስት ዓይነት ጨርቅ ጎን ለጎን ሰቀልን። የተዘመዘመው ወዲያው ተጠቀለለ። ዝምዝሙ የተቆረጠለት ጥቂት ታገለና እሱም አንድ ጊዜ ገመዱ ላይ ተጠመጠመ። ሦስተኛውን እናቴ ዝምዝሙን ቆርጣ ላዩን በጣቷ ሸንሽና በመርፌ ያዝ ያዝ አድርጋዋለች። “ቀሚስ ወገቡ ላይ ከተሸነሸነ ታቹ ይከፈታል እንጂ አይዘጋም” አለች። ሦስተኛው ተንፈራፈረ፣ ተገለበጠ፣ ወረደ፤ አልተጠቀለለም። ቬንቲሌተሩን አስጠጋሁት። አልተጠቀለለም። ወደ ላይ አዙሬ ከሥር ነፋሁበት። አልተጠቀለለም።

ተያየን። ከታች በኩል ክሩ መተርተር ጀምሯል። እናቴ ተመለከተችው፣ ፊቷ ተጨማደደ።

“ትንሽ ብቻ፣ አንድ መስመር ብሰፋበትስ?”

“እማዬ።”

“እሺ! እሺ አልኩ።”

ስልኳን አነሳችና ወንድሟ ጋ ደወለች።

“ነጋዴው መቼ ነው የሚመጣው?”

“ከነገ ወዲያ። ምነው?”

“እስከዚያ በጎቹ የማን ናቸው?”

“የኔ።”

“እንግዲያው ገመዱን ከነጨርቁ ፈትተህ አምጣልኝ።”

“እትዬ፣ አልቋል እኮ። ተጨባብጠናል።”

“የጨበጥከው ጨርቁ ይሠራል አይሠራም ብለህ ነው። ጨርቁ ሠርቷል። ያልሠራው የኔ ስፌት ነው። ቅዳሜ ብትጭንም ጫን፣ እጅህን አልይዝህም፤ እስከዚያ ግን ሌላ በግ በኔ ስፌት ምክንያት አትበላም። አንተ ልጅ፣ አምጣ ስልህ አምጣ!”

አመጣው፤ ያን አንድ ሌሊት በጎቹን ጉረኖ አጭቆ ራሱ አብሯቸው አደረ።

በማግስቱ ሱቁ ጠበበ። እናቴ ለዩኒፎርም የመጣውን ሁሉ በር ላይ እያስቆመች መቀስ ሰጠችው። “ልብስ የሚፈልግ ቁጭ ብሎ ጠርዝ ይቁረጥ!” አለች። “ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ተኩላም ቢሆን ዓይን አለው።” ጫማ ጠጋኙ የራሱን መቀስ ይዞ መጣ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ በዱቄት እጇ ገባች፣ እናቴ መልሳ አስታጥባ አስቀመጠቻት። እኔ የላዩን ስፌት እፈታለሁ፣ እናቴ ትሸነሽናለች፣ መኪናው ያለ ዕረፍት ይሄዳል። ቀይ ቅርጥራጭ ወለሉን ሸፈነው።

ጥሩምባ በሩ ላይ ቆመ። የልጁ ዩኒፎርም ወገቡ ልኩ ቢሆንም እጅጌው ረዝሟል፤ ለዚያ ነው የመጣው። ሊናገር አፉን ከፈተ።

“መጀመሪያ መቀስ” አለችው እናቴ። “ወሬ በኋላ።”

ተቀመጠ። ሲቆርጥ ምላሱን በጥርሱ ይይዛል፣ ስለዚህ እስኪጨርስ ሱቁ ጸጥ አለ።

ጆንያው ሞልቶ ሲወጣ እናቴ አላየችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የወረቀት ቅድ የምትፈልግ መሰለች። በየጨርቁ ጫፍ ክር ተንጠልጥሏል። ጫማ ጠጋኙ አላሳለፋትም።

“እትዬ መርፌ! ዛሬ ራቁትሽን ወጣሽ!”

“ዓይንህን ጨፍን!” አለች፣ ሳትዞር።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሜዳውን እንደገና አጠርነው። አጎቴ ዝም ብሎ ችካሉን መታ። ተስፋ አድርጎ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እህቱ ስላዘዘችው ነው። ሲመሽ ንፋሱ ተመለሰ፤ እኔም እዚያው ጎጆው ውስጥ ተኛሁ። እንቅልፍ ይወስደኛል ብዬ አልጠበቅሁም፣ ግን ወሰደኝ። የሠራነውን ሥራ አይቼዋለሁና።

ሊነጋጋ ሲል አጎቴ ቀሰቀሰኝ። ወጣን። ጨርቆቹ በንፋሱ ይንፈራፈሩ ነበር፣ ሁሉም። ታችኛው በኩል ኮቴዋን አገኘነው። መጥታ ቆማለች። ከዚያ በገመዱ ዳር ዳር ሄዳለች፣ አንዴም ሳትሻገር። ተከተልናት። በጎን በኩል ወጣች፣ ላይኛው ጥግ ደረሰች፤ ያን ዕለት የገባችበት ቦታ። እዚያ ሣሩ በሰፊው ተኝቷል።

“ተቀምጣለች” አለ አጎቴ። ጎንበስ ብሎ በእጁ ነካው። “ብዙ ቆይታለች። አስባበታለች።”

ከዚያ ኮቴው ወደ ገደሉ ዞሮ ሄዷል።

አጎቴ በጎቹን ሊቆጥር ገባ። መሃል ሜዳ ላይ ቆሞ በእጁ ጠራኝ። አንዲት በግ ሌሊት ወልዳለች፤ ግልገሉ ገና እርጥብ ነው፣ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውት ይወድቃል ይነሳል። ጀግና ከጎጆው ወጥቶ ራቅ ብሎ አሸተተው።

“ያውልሽ” አለ አጎቴ በድንገት።

ግልገሉን ያሳየኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቀና ብሎ ገደሉን ነው የሚያየው። ጫፉ ላይ ቆማለች። በዓይኔ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ከፎቶው ትቀጥናለች። ለጥቂት ጊዜ አየችን፣ ከዚያ ምንም እንዳልቸኮለ ሰው ዞራ በማዶው በኩል ወረደች። እዚያ ድኩላ አለ፤ እሷም ታውቃለች።

“ቆንጆ ናት” አለ አጎቴ። ወደ በጎቹ ዞረና፣ “እንዳትነግሪብኝ” አለ።

የነጋዴው መኪና ክላክሱን እየነፋ የመጣው ሻይ ስናፈላ ነው። ነጋዴው ወርዶ ወገቡን አፍታታና የመኪናውን የኋላ በር ከፈተ።

“በል ቶሎ እንጫን፣ መንገዱ ሳይሞቅ።”

“የሚጫን የለም” አለ አጎቴ። “ሻይ ጠጣና ውረድ።”

“እንዴ! ቃል ሰጥተኸኛል እኮ!”

“ሰጥቻለሁ።”

“ታዲያ?”

አጎቴ ሜዳውን አየ። “ዛሬ እዚህ የተበላ ነገር ቢኖር የኔ ቃል ነው” አለ። “ስኳር ስንት ላድርግልህ?”

ነጋዴው ተሳደበ፣ ሳቀ፣ ሻዩን ጠጣ። ሲወርድ ቀዩን ጨርቅ በመስታወቱ ሲያይ ነበር። ለእናቴ ደወልኩ። ገና ሳልጀምር ቀደመችኝ።

“ተጠቀለለ?”

“አልተጠቀለለም።”

“አንድም?”

“አንድም እማዬ።”

ረጅም ትንፋሽ ስታወጣ ሰማኋት። “በጎቹስ?” አለች ከዚያ።

በሳምንቱ ጥሩምባ ሱቁ ገባ። እኔ እዚያው ነበርኩ። በሩን ገርበብ አደረገና እናቴ ጆሮ ጋ ጎንበስ ብሎ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት አንሾካሸከ።

“ምን አልክ?” አለች እናቴ። “ጆሮዬ ደክሟል፣ ጮክ በል።”

“ለኔም ሜዳ ስፊልኝ ነው የምልሽ!” አለ። ዳቦ ቤት የተሰለፈው ሰው በሙሉ ዞረ። ጫማ ጠጋኙ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር።

በጎቹ ወልደው ሲጨርሱ እናቴ ተራራውን ወጣች። ከአባቷ ሞት ወዲህ ወጥታ አታውቅም። ጨርቆቹን የምናወርድበት ቀን ነበር፤ ተኩላዋ ሳትለምዳቸው አውርደን ለሚመጣው ወቅት እናስቀምጣቸዋለን፣ ግልገሎቹም ከእንግዲህ ጉረኖ ውስጥ ለማደር ጠንክረዋል። አጎቴ ለእህቱ ድንጋይ ጠርጎ አስቀመጣት፣ ግልገል አስታቀፋት። እሷ ግን ገመዱን ነው የምታየው። ንፋስና ፀሐይ ጠርዙን በልቶታል፤ በየጨርቁ ግርጌ ክሩ እንደ ጢም ተንዠርግጓል።

ግልገሉን ለእኔ አቀበለችኝና ተነሳች። ቦርሳዋን ከፍታ ትንሿን መቀስ አወጣች። አንዱን ጨርቅ በሁለት ጣቷ ያዘች።

“እትዬ” አለ አጎቴ ከኋላዋ።

“ምን?”

“ተዪው።”

እናቴ ጨርቁን እንደያዘች ቆየች። ንፋስ መጣና ከእጇ ነጥቆ አውለበለበው። መቀሱን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች።

“አልነካሁትም” አለች።